ከሳንባ ዙሪያ ውሃ ከተቀዳ በኋላ ጓንት መንፋት ይበቃል?

ሰላም ለዚህ ቤት። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን። ከአንድ ወር ተኩል በፊት ቀኝ ጎናቸውን ውጋት ያዛቸው። ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ ቀን ደረቅ ሳል። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ራጅ ሲነሱ የቀኙ ደረት ግማሹ ነጭ ሆኖ ታየ። ውሃ ቋጥሯል ተባለ። አዲስ አበባ አምጥተናቸው በመጀመሪያው ቀን 1,200 ሚሊ ሊትር፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ 800 ተቀዳላቸው። መልኩ ጠጅ ይመስላል። ምርመራው የቲቢ መሆኑን አሳየና መድኃኒት ጀመሩ።

ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልንወጣ ስንል ሐኪሙ የመተንፈስ ስፖርት እንዲሠሩ ነግሮን ወደ ሌላ አልጋ አለፈ። እንዴት ነው የሚሠራው? በቀን ስንቴ? ያሳየን ሰው የለም። አንዲት ነርስ ግራ መጋባታችንን አይታ ከካርቶን አንድ የላስቲክ ጓንት መዘዘችና ይህን እንዲነፉ ነገረችን። ይኸው ነው።

አሁን ቤት ከገቡ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። በቀኝ ጎናቸው ተጋድመው፣ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ይውላሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ረዘም አድርገው ይሳቡ ስላቸው ጎናቸውን ይዘው ፊታቸውን ያዞራሉ። እናቴና አክስቴ ደግሞ በሽተኛ አይነካካም፣ ይረፍ ባይ ናቸው። ጓንቱን በቀን ሦስት ጊዜ ይነፋሉ። አምስቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ሲቆሙ ቤተሰቡ ያጨበጭባል።

እኔ የሚመስለኝ ውሃውን መቅዳት ግማሽ ሥራ ነው፣ ቀሪውን ግማሽ የሠራው ሰው የለም። ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ። የውይይት ክር ሲረዝም ማንበብ የሚታክተው ስላለ መልሶቻችሁን እያሳጠርኩ በተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች አሰፍራለሁ።

1ኛው መልስ ከምርቃት አላለፈም። ምሕረቱን ለምኖ ወጣ። አሜን።

2ኛዋ ከሐዋሳ የምትጽፍ ነርስ ናት። የጀመረችው እኔን በማረም ነው። ርዕሱን መጀመሪያ ሳወጣ ከሳንባ ውስጥ ውሃ ከተቀዳ በኋላ ብዬ ነበር። ውሃው ያለው ሳንባ ውስጥ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ሳንባን የለበሰ ስስ ሽፋን አለ፣ የጎድን አጥንትን ከውስጥ የለበጠ ሌላ ሽፋን አለ፤ ውሃው የሚቋጠረው በሁለቱ መሃል ነው። ጤነኛ ሰውም እዚያ ቦታ ላይ ውሃ አለው። ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው፣ ሽፋኖቹ ሳይፋተጉ እንዲንሸራተቱ ያህል። ሁለት ሊትር ሲገባበት ሳንባው መሄጃ ያጣና ይጨመደዳል። ርዕሱን አስተካክያለሁ።

ጓንቱን ግን አልወደደችውም። መንፋት አየር ማስወጣት እንደሆነ፣ የተጨመደደ ሳንባ የሚዘረጋው ደግሞ አየር ሲገባበት እንደሆነ ጻፈች። አባቴ የሚያስፈልጋቸው ሦስት ኳስ ያላት የፕላስቲክ ዕቃ ናት፤ እሷም በአፍ የምትሳብ እንጂ የምትነፋ አይደለችም። ይህች ነጥብ ወደ ታች ብዙ አነታርካለች።

3ኛው መልስ እኔ በጣም የወደድኩት ነው። ጸሐፊው ከሳንባ ምች በኋላ መግል ቋጥሮ ቱቦ ገብቶለት ዘጠኝ ቀን ተኝቷል። ቱቦው ከጎኑ ወጥቶ አልጋው ሥር ወዳለ ጠርሙስ ይወርዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አለ፣ የቱቦው ጫፍ እዚያ ውስጥ ጠልቋል። ሲተነፍስ ውሃው ቱቦው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲያስል አረፋ ይንፈቀፈቃል። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ሌሊቱን ያንን እያየ ያነጋ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ ሊጠይቀው መጣ። ጠርሙሱ መሬት ላይ መቀመጡ ነውር መሰለውና አንስቶ ኮመዲኖው ላይ፣ ከብርቱካኑ አጠገብ አስቀመጠው። ነርሷ ከኮሪደሩ ማዶ አይታ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ እንዳለ ይናገራል። ጠርሙሱ ምንጊዜም ከደረት በታች መሆን አለበት። ከፍ ካለ ውስጡ ያለው ወደ ደረት ሊመለስ ይችላል።

ምክሩ አጭር ናት። ከሁሉ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቀን ለአባቴ የሕመም ማስታገሻ እንድንሰጥ፣ የመተንፈሱን ነገር ከዚያ በኋላ እንድናነሳው። እሱ ራሱ አምስት ቀን ሙሉ በአጭሩ ይተነፍስ የነበረው ውጋቱን ፈርቶ ነው። ሰነፍ ያሉት ሁሉ ውጋቱን ቢያዩት ኖሮ ዝም ይሉ ነበር።

4ኛዋ ከአጻጻፋቸው በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ይመስሉኛል። ልጄ እያሉ በትህትና ነው የጻፉልኝ። ነገሩ ብርድ መሆኑን፣ ላብ ላይ ንፋስ ሲመታ ጎን ውስጥ ውሃ እንደሚቋጠር፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር አድርገን እንድንሰጣቸው፣ ጀርባቸውን በቅቤ እንድናሸት መከሩ። መስኮትም እንድንዘጋ አደራ አሉ።

5ኛው ሰላምታ እንኳን የለውም። ሰው የሚያልቀው በእንዲህ ዓይነት ምክር መሆኑን ጽፎ አስተዳዳሪው የሴትዮዋን ጽሑፍ እንዲያነሳው ጠየቀ። ልክ ሊሆን ይችላል፤ አነጋገሩ ግን ከእናቱ ጋር የሚያወራ ሰው አይመስልም።

6ኛ ላይ የሐዋሳዋ ነርስ ተመልሳ መጣችና ሁለቱንም አበረደች። የሚጎዳው ማርና ፌጦው ሳይሆን እነሱን ይዞ የቲቢ መድኃኒቱን ማቆም ነው። ሽንት ብርቱካንማ ሲሆን ደንግጠው መድኃኒቱን የሚጥሉ ሰዎች ገጥመዋታል። ቀለሙ ከመድኃኒቱ ነው፣ ጉዳት የለውም። መስኮቱን በተመለከተ ግን አልተለሳለሰችም። ቲቢ ያለበት ቤት መስኮቱ ይከፈታል።

እዚህ ላይ አገር ተነሳ። ከ7 እስከ 11 ያሉት መልሶች ስለ መስኮት ናቸው። አንዱ በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍቶ በአንዲት ተሳፋሪ የተሰደበውን ስድብ ተረከ። ሌላው ንፋስ ወገቡን ይዞት ሦስት ቀን እንደተኛ ማለ። ሃይገር የሚነዳ አንድ ሰው ደግሞ በአሥራ አንድ ዓመት የሹፍርና ዘመኑ ያየውን ጸብ ሁሉ ያስነሳው መስኮት መሆኑን ነገረን። ከዚህ ሁሉ መሃል 9ኛዋ ብቻ ቁም ነገር ጣለች። ቲቢው ሽፋኑ ላይ ብቻ ከሆነ እምብዛም አይተላለፍም፤ ነገር ግን ሳንባው ውስጥም አብሮ ሊኖር ስለሚችል አክታቸው ተመርምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተመርምሮ ነጻ ሆኗል። መስኮቱን ለማንኛውም ከፍተናል። አክስቴ ትዘጋለች፣ እኔ እከፍታለሁ።

12ኛው ጎንደር ተምሮ አዲስ አበባ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ከዚህ በኋላ ክሩን የያዘው እሱ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የነካው አባቴ በየትኛው ጎን እንደሚተኙ ነው። በታመመው በኩል መተኛታቸው አልገረመውም። ጎኑ ሲጫን ስለማይንቀሳቀስ ውጋቱ ይቀንስላቸዋል። ጣጣውም እዚያው ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ ጎን አይከፈትም። የቲቢ ውሃ ፕሮቲን የበዛበት ስለሆነ የቀረችው ቅሪት እንደ ሙጫ ሽፋኖቹን ልታጣብቅና ልታደነድን ትችላለች። ስለዚህ ሲተኙ በግራ ጎናቸው ይሁን፣ የታመመው ወደ ላይ ይዙር። ቀን ቀን ደግሞ ከአልጋ ይውረዱ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ።

ከዚያ ነጠላውን አመጣ። ሆስፒታል ውስጥ በፎጣ ወይም በመቀነት መሰል ጨርቅ ነው የሚሠራው፤ ቤት ግን የእናቴ ነጠላ ይበቃል። ነጠላውን በቁመቱ አጥፎ ከጡት በታች፣ የጎድን አጥንቱ የታችኛው ክፍል ላይ መጠምጠም። ጫፎቹን ፊት ለፊት አጣምሮ በሁለት እጅ መያዝ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ እየሳቡ ነጠላውን በጎን በኩል ለመግፋት መሞከር፣ በተለይ በቀኝ። ሦስት እስኪቆጠር መያዝ። ከዚያ ከንፈርን አሞጥሙጦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ አድርጎ ማስወጣት። አየሩ ሲወጣ ነጠላውን ጠበቅ ማድረግ። አምስት ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ደግሞ አምስት። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ አልተሠራም ማለት ነው። ራስ ካዞረ ይቆማል። ሳል ከመጣ ትራስ ጎን ላይ አቅፎ መሳል፤ ውጋቱን ይሰብረዋል። ቀኝ እጅን እየሳቡ ወደ ላይ ማንሳትና ወደ ግራ ዘንበል ማለትም ለተጨመደደው ጎን ጥሩ ነው።

ማስታገሻውን በተመለከተ ከ3ኛው ጋር ይስማማል። ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢጀመር ይመርጣል።

ስለ ጓንቱ ደግሞ ነርሷን ግማሽ መንገድ ድረስ ሸኛት። መሳብ መቅደሙን ተቀበለ። ግን ጓንትም ሆነ ፊኛ ለመንፋት አስቀድሞ ብዙ አየር መሳብ ግድ ነው፤ ሲነፋም የሚፈጠረው ግፊት ትንንሾቹን የአየር ከረጢቶች ከፍቶ ያቆያቸዋል። ጓንቱን የሚጠላው ግፊቱ ስለማይለካ ነው። መጀመሪያ ላይ አልነፋ ይልና ሰውየው ጉንጩን ወጥሮ፣ ፊቱ እስኪጠቁር ያምጣል። ከዚያ ይሻላል ያለው የውሃ ጠርሙስ ነው። ውሃው ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቱቦ እስከ ታች ይግባበት፣ ቀስ ብሎ አረፋ እያወጡ መንፋት። የለስላሳ መምጠጫ ቀጭን ስለሆነች አትሆንም፤ የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቱቦ ያስፈልጋል። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። በዚህ ላይ በደማቁ ያሰመረው ማስጠንቀቂያ አለው። በመርፌው ሰበብ አየር ሳንባው ዙሪያ የገባበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምንም ነገር አይንፋ።

እኔ እዚህ ላይ አመስግኜ ልዘጋ ነበር። ክሩ ግን ገና መሞቁ ነው።

13ኛው ስቶክሆልም የሚሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ጨዋ ነው፣ ግን ቀዝቀዝ ያለ። የፊዚዮቴራፒስቱ ምክር ጉዳት እንደሌለው አምኖ ማስረጃው ግን ስስ መሆኑን አመለከተ። ባለ ሦስት ኳሷ ዕቃ ከትላልቅ ቀዶ ሕክምናዎች በኋላ ብዙ ተፈትሻ ይህ ነው የሚባል ልዩነት ማምጣቷ አልታየም። ውሃ በቋጠሩ ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ ጥቂት ነው። ከነዚያ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከስፔኗ ግራናዳ የወጣ ሲሆን፣ ፊዚዮቴራፒ የተጨመረላቸው ሕመምተኞች የትንፋሽ መለኪያቸው ተሻሽሎ ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜም አጥሮ ተገኝቷል። የሐኪሙ ፍርሃት ሰው ስፖርቱን መድኃኒት እንዳያደርገው ነው። መተንፈስ ውሃ አያደርቅም። በልብ ድካም የመጣው በልብ መድኃኒት ነው የሚጎድለው። የቲቢው ስድስት ወር ይፈልጋል፣ የመጀመሪያውን ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ቀሪውን አራት ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት። እንዲያውም መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ውሃው ለጊዜው ሊጨምር እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ሐኪም ማየት እንጂ መደናገጥ እንደማያስፈልግ አከለ።

14ኛ ላይ ፊዚዮቴራፒስቱ ነደደው። ስቶክሆልም ተቀምጦ ስለ ማስረጃ ማውራት ቀላል መሆኑን፣ እዚያ በሽተኛው በማግስቱ በግድ ተነስቶ እንደሚራመድ፣ እዚህ ግን ወር ሙሉ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚተኛ ሰው እንዳለ ጻፈ። ጎኑ ደንድኖ የመጣ ሰው ሲያክም የሚውለው እሱ ነው። ሐኪሙ በ15ኛው አልተመለሰም አልልም፣ ግን ለዘብ ብሎ ነው። ስለ ማስነሳቱና ስለ መራመዱ ሁለቱ አንድ ሐሳብ እንደሆኑ፣ የሚለያዩት ስለ ዕቃው ብቻ እንደሆነ አመለከተ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳነበው ልዩነታቸው አልታየኝም።

16ኛዋ አሳቀችን። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ በነበረችበት ጊዜ ታማ ውሃ ተቀድቶላታል። ሆስፒታሉ ያቺን ባለ ሦስት ኳስ ዕቃ አዲሷን፣ ከነላስቲኳ ሰጣት። ያስረዳት ሰው በአረብኛ ፈጥኖ ፈጥኖ ተናግሮ ሄደ። እሷ ያኔ የምታውቀው አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ነፋችባት። ኳሶቹ ንቅንቅ አላሉም። ሳንባዬ አለቀለት ብላ ለእናቷ ኑዛዜ የሚመስል ድምፅ ላከች። በዘጠነኛው ቀን ጎን ያለችው የፊሊፒን ተወላጅ በሽተኛ ዕቃዋን ነጥቃ፣ ወደ ውስጥ ስባ አሳየቻት። ሁለቱ ኳሶች ብድግ አሉ። ጸሐፊዋ ያን ዕለት የሳቀችው ሳቅ ከመሳቡ በላይ ጎኗን እንደከፈተላት ታምናለች። ለ2ኛዋ ነርስ ምስክርነቷን ሰጥታ ሄደች።

17ኛው ጭቅጭቅ ይዞ መጣ። አባቴን ለምን ሁለቴ ቀዷቸው? በአንዴ አውጥቶ መጨረስ ሲቻል ሁለት ጊዜ ያስከፈሉ ሌቦች ናቸው ባይ ነው። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ደገፉት። የስቶክሆልሙ ሐኪም 20ኛ ላይ በትዕግሥት መለሰ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ አለመቅዳት የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ለሳምንታት ተጨፍልቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲዘረጋ ራሱ ፈሳሽ ሊያመነጭና ሊያፍን ይችላል። ሲቀዳ ደረት መጨነቅ ወይም የማያቋርጥ ሳል ከጀመረ ያኔውኑ ይቆማል። አባቴ 1,200 ላይ ሳል እንደጀመራቸው ትዝ አለኝ። መርፌው ከጎድን አጥንት በላይኛው ጠርዝ በኩል የሚገባውም በታችኛው ጠርዝ ሥር የደም ሥርና ነርቭ ስለሚያልፍ መሆኑን ጨመረ። 17ኛው ሰው ይህን አንብቦ ዝም አለ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ዝም አለ።

21ኛው እኔን ገሠጸኝ። የአባቴን በሽታ አደባባይ ማውጣቴ ነውር እንደሆነ፣ ቲቢ የተባለ ቤት ጎረቤት እንደሚርቀው ጻፈ። የኔ መልስ አጭር ነበር። ከመጻፌ በፊት አባቴን ጠይቄያለሁ። አትጻፍ አላሉኝም። የጠየቁኝ የፊደል ግድፈት እንዳይኖርበት ብቻ ነው።

22ኛው የእህቴ ጉዳይ ነው። እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ጣት ላይ የምትደረግ የኦክስጅን መለኪያ በሰው እጅ ላከች። ጠዋት ስንለካ 91 አለች። እህቴ በቪዲዮ አይታ አለቀሰች፣ በዚያው ሌሊት አዲስ አበባ ካልተወሰዱ ብላ አያት ቅድመ አያቷን ጠራች። እኔም ተጨንቄ እዚህ ጻፍኩ። የስቶክሆልሙ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ደብረ ብርሃን ከፍታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ጤነኛውም ሰው ሜሪላንድ ላይ የሚታየውን 97 እና 98 አያሳይም። ቀጥሎ እጃቸው ሙቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። በደብረ ብርሃን ጠዋት? የሻይ ብርጭቆ አስይዘናቸው ደግመን ስንለካ 93 ሆነ። ከአንዲት ቁጥር ይልቅ በየቀኑ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እየሄደች መሆኗን እንድናይ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ትኩሳቱ ካገረሸ ግን ቁጥሩን ሳናይ ይዘናቸው እንድንሮጥ መከረ። አክስቴ በመሃል የራሷን ጣት ከትታ 92 አገኘች። የዚያን ቀን ከሰዓት እሷም ተኝታ ዋለች።

23ኛው አንድ አባት ጠበል እንድንወስዳቸው በፍቅር መከሩ። 5ኛው ሰው ሊጀምር ሲል ፊዚዮቴራፒስቱ ቀደመው። የጠበሉ መንገድ ዳገት ከሆነ በዝግታ፣ እያረፉ መሄዱን እንደሚደግፍ፣ መድኃኒታቸውን ይዘው እስከሄዱ ድረስ ጠብ እንደሌለው፣ በቀዝቃዛ ውሃ መነከሩን ግን ጎናቸው እስኪጠነክር እንዲያቆዩት ጻፈ። አባትየው መረቁት። በዚህ ክር ውስጥ ያለ ጸብ ያለቀ ብቸኛው ርዕስ ይህ ይመስለኛል።

24ኛዋ እህቴን ወክላ የመጣች ትመስላለች፤ መብረር መቼ ይቻላል አለች። መልሱ ራጅ ነው። ሳንባ ዙሪያ አየር ገብቶ ከነበረ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ በራጅ ከታየ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሐኪምም ይፍቀድ። አባቴ ለጊዜው የትም አይሄዱም።

25ኛዋ የጠየቀችው እኔን አሳፈረኝ። ቡና የሚፈላው የት ነው? ቆም ብዬ አሰብኩ። ጠያቂ በየቀኑ ይመጣል። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል። ከሰሉ የሚቀጣጠለው፣ ቡናው የሚቆላው፣ ዕጣኑ የሚጨሰው አባቴ አልጋ ራስጌ ነው፣ እንዳይከፋቸው፣ ከጨዋታው እንዳይለዩ። መስኮቱን አክስቴ ዘግታዋለች። ሳንባው ገና በማገገም ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ጭስ! በማግስቱ ረከቦቱን በረንዳ ላይ አወጣሁት። ተቃውሞ ነበር። አባቴ ቡና ካማራቸው ተነስተው ይምጡ አልኩ። መጡ። ከአልጋ እስከ በረንዳ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፣ ቆጥረውታል።

ይህን ስጽፍ ፊዚዮቴራፒስቱ 26ኛ ላይ ደስ ብሎት አዲስ ትዕዛዝ ላከ። ነጠላውን ከቡናው ጋር እንድናያይዘው። አቦል ከመቀዳቱ በፊት አንድ ዙር፣ ከቶና በፊት አንድ ዙር፣ ከበረካ በፊት አንድ ዙር። ከዚያ ወዲያ እናቴ ራሷ ነጠላዋን እያወለቀች ታቀብላለች። ዙሩ ሳይሠራ ስኒው አይቀርብም። ይረፍ ስትል የነበረችው እሷ ናት።

27ኛው ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ዋጋ የጠየቀ ነው። አልመለስኩም። 28ኛው መልሶለታል።

29ኛው ባለ ሦስት ኳሷን ዕቃ ከየት እንዳገኘን ጠየቀ። ፒያሳ አካባቢ ካለ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ነው የገዛኋት። አባቴ በደብተር ይመዘግባሉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ኳስ፣ ስንት ሰከንድ። በቀይ እስክሪብቶ ለራሳቸው ማርክ ይሰጣሉ። አንደኛዋ ኳስ 600፣ ሁለተኛዋ 900፣ ሦስተኛዋ 1,200 የሚል ተጽፎባታል፤ በሰከንድ የሚሳበው አየር በሚሊ ሊትር ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ለሦስተኛዋ እንዳይሯሯጡ፣ ሁለቱን ቀስ ብሎ አንስቶ ማቆየት እንደሚበልጥ ሁለት ጊዜ ጽፏል። ሁለቱንም ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ።

30ኛዋ አባቴ ሲጨርሱ ዕቃዋን ለእናቷ እንዳውሳት ለመነችኝ። የሐዋሳዋ ነርስ 31ኛ ላይ ቆጣ ብላ ገባች፤ አፍ የሚነካ ዕቃ ለሰው አይዋስም፣ ያውም ከቲቢ ታማሚ። ልክ ናት። ለ30ኛዋ የሱቁን ቦታ በውስጥ መስመር ልኬላታለሁ። ለነገሩ አባቴም አሁን አይለቋትም። በትናንቱ ገጽ ላይ ሦስተኛዋ ኳስ ተንቀጠቀጠች፣ አልተነሳችም የሚል ተጽፏል። ማርኩ ከአሥር ስድስት ነው።